ሃርሊ ሪድ ወይስ ሁለት ምርጫ? (የ2023 ድራፍት)

ዊተን_ኦቫል | ኦክቶበር 13, 2023

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የአውስትራሊያ እግር ኳስ የዝውውር ጊዜ ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል፣ የፐርዙ ክለብ ዌስት ኮስት ግን ቁጥር አንድ ምርጫውን (ድራፍት ላይ ወጣት ተጫዋች ቀድሞ የመጥራት ተራውን) እንደያዘ ነው። ኖርዝ ሜልበርን በበኩሉ ተጫዋቹ ቤን ማኬይ ወደ ኤሰንደን ስለሄደበት በካሳ ያገኘውን ጨምሮ 2ኛውንም 3ኛውንም ይዟል። እንግዲህ እናንተ የዌስት ኮስት ኃላፊ ብትሆኑ ሃርሊ ሪድን ትወስዳላችሁ ወይስ ምርጫውን በኖርዝ ሁለት ምርጫዎች ትመነዝሩታላችሁ?

እኔ አልመነዝርም።

ልጁን ለማታውቁት፦ ኤፕሪል 2005 የተወለደ የቶንጋላ ልጅ ነው። ቶንጋላ በሰሜን ቪክቶሪያ ኢቹካ አጠገብ ያለች፣ በወተት ላም የምትተዳደር ትንሽ ከተማ ናት። የሚጫወተው ለቤንዲጎ ፓዮኒርስ ነው። ቁመቱ 187 ሴንቲ ሜትር። አምና ለድራፍት ገና ሳይደርስ ከታላላቆቹ ጋር ተሰልፎ ከ18 ዓመት በታች የኦል ኦስትራሊያን ቡድን (የአገሪቱ ምርጦች ስብስብ) ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ነው፣ ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ ይህን ያህል ሲወራ እኔ አላስታውስም።

አሁን ወሬውን እንተወውና ጨዋታውን እንይ። የምስል ቅንጥቦቹ ላይ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ክንዱ ነው። ሊይዘው የመጣውን በአንድ እጁ ገፍቶ ያልፋል፣ ከሪችመንዱ ኮከብ ከደስቲን ማርቲን ጋር የሚያመሳስሉትም ለዚህ ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ከዚያ በፊት የሚሆነው ነው። ኳስ መሬት ላይ ስትሆንና አራት አምስት ሰው ሲረባረብባት አብዛኛው ልጅ ጎንበስ ብሎ ያነሳና ቆሞ ነው የሚያስበው። ሪድ ሲያነሳት እግሩ አይቆምም። ወገቡን ዝቅ አድርጎ በሩጫው ውስጥ ያነሳታል፣ ሊይዘው የመጣው ሰው የሚደርሰው እሱ ከነበረበት ቦታ ላይ ነው። ክንዱ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ሰው ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ከኋላም፣ ከመሀልም፣ ከፊትም ተሰልፎ ተጫውቷል። ከፊት ሲሰለፍ ከእሱ የሚረዝሙትን ዘሎ ማርክ ይወስዳል (በእግር የተመታችን ኳስ አየር ላይ ይቀልባል)። ጉድለቱ ሩጫው ነው፤ ወደ ፊት ሲሮጥ እንደ ፈረስ ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ ሲኖርበት ግን አንዳንዴ ቆሞ ያያል። ይህ በሥልጠና ይስተካከላል። በኳስ ላይ ያለው ያ እግር ግን የትም አይሸጥም።

ፐርዝ_ሆነን | ኦክቶበር 13, 2023

ወንድሜ ዊተን፣ አንተ የቡልዶግስ ደጋፊ ስለሆንክ በእኛ ገንዘብ መጫወት ቀሎሃል።

እኛ እዚህ ፐርዝ ያየነውን አንተ አላየህም። ጁን ላይ ሲድኒ በ171 ነጥብ ነው የገረፈን። 205 ለ34! አንብቡት እስቲ። ዘንድሮ ሦስት ጨዋታ ነው ያሸነፍነው፣ አምና ደግሞ ሁለት። በ2018 ኮሊንግዉድን በመጨረሻ ደቂቃ የዶም ሺድ ጎል በአምስት ነጥብ አሸንፈን ዋንጫ ያነሳን ሰዎች ነን፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቡድኑ አርጅቶ፣ ግማሹ ሕክምና ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቤት አንድ ምሰሶ ብታቆምለት ምን ይሆናል?

ያገራችን ሰው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል። 2ኛውንና 3ኛውን ስጡኝ። በአንዱ የእኛኑ የክሌርሞንት ልጅ ዳንኤል ከርቲንን እወስዳለሁ። ረጅም ነው፣ ተከላካይም አማካይም ይሆናል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናቱ ቤት እዚሁ ነው። በሌላው የታዝማኒያውን ኮልቢ ማከርቸርን ወይም ዜን ዱርስማን እመርጣለሁ። የቶንጋላው ልጅ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ከርሞ «ቤተሰቤ ናፈቀኝ» ብሎ ወደ ሜልበርን ሲመለስ ማን ይክሰናል?

ቦሌ_ሚካኤል | ኦክቶበር 13, 2023

ይቅርታ፣ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። እህቴ ሜልበርን ስላለች ነው መድረኩን የማነበው። ኳሷ ሞላላ የሆነችው፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት አይደል? እሱስ ይሁን። ምርጫ የምትሉት ነገር ግን አልገባኝም። ልጁ ለምን ራሱ የሚፈልገው ክለብ ሄዶ አይፈርምም? ሜልበርን መኖር ከፈለገ ሜልበርን ይፈርም!

ጋሽ_ሰንሻይን | ኦክቶበር 14, 2023

ልጄ ቦሌ፣ እኔም እዚህ አገር ስመጣ ይኸው ነው ግራ የገባኝ። ባጭሩ ላስረዳህ።

18 ክለብ አለ። በዓመቱ መጨረሻ የወጣው ክለብ ከአገሩ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ ይመርጣል፣ ከዚያ 17ኛው፣ እንዲህ እያለ ዋንጫ የበላው መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። ልጁ አይጠየቅም። ስምህ ተጠራ ማለት ሻንጣህን ትሸክፋለህ ማለት ነው፣ ፐርዝም ይሁን ብሪዝበን። ክለቦቹ ሁሉ ለደመወዝ የሚያወጡት ገንዘብም ጣሪያ አለው። ሀብታም ክለብ ሁሉን ጠራርጎ እንዳይገዛ ነው። ከዚህ ከሚያመልጡት አንዱ አባቱ ለዚያው ክለብ 100 ጨዋታ የተጫወተለት ልጅ ነው፣ እሱም ቢሆን ክለቡ በነጥብ ሒሳብ ይከፍልበታል።

ተራውን ደግሞ እንደ ብር ይለዋወጡታል። ዘንድሮ የጦፈው ክርክር እሱ ነው።

በሬ ገዝተህ ታውቃለህ? አባቴ ገበያ ሲወስደኝ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ትንሽ ያስኬደዋል። ሻጩ የሚለውን ግን አይሰማም። እኔም የሪድን ነገር የማየው እንዲሁ ነው፤ ጋዜጠኛው የሚለውን ትቼ። እግሩን አይቼ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል፣ ልጁ ገና ሳይሸጥ ስሙ ከክለቡ በልጧል።

ቆጣሪው | ኦክቶበር 14, 2023

ፐርዝ_ሆነን፣ ተረቱ ጥሩ ነው። እስቲ በታሪክ እንፈትነው።

2009። ሜልበርን 1ኛውንም 2ኛውንም ይዞ ነበር፣ አንተ አሁን የምትመኘውን ዓይነት ጥቅል ማለት ነው። ቶም ስከሊንና ጃክ ትሬንጎቭን ወሰደ። ስከሊ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ወደ አዲሱ የምዕራብ ሲድኒ ክለብ ሄደ፣ ትሬንጎቭን የእግር አጥንት ጉዳት ቀማው። 3ኛ የተጠራው ደስቲን ማርቲን ነው፤ ለሪችመንድ ሦስት ዋንጫ፣ በሦስቱም ፍጻሜ የሜዳው ኮከብ። ሁለት መድኃኒት ወስደው ብርቱው በአጠገባቸው አለፈ።

2013። 1ኛ ቶም ቦይድ፣ 4ኛ ማርከስ ቦንቴምፔሊ፣ 13ኛ ፓትሪክ ክሪፕስ። ቦይድ አንድ ዓመት ቆይቶ ወደ ቡልዶግስ ሄደ፣ በ2016ቱ ፍጻሜ ሦስት ጎል አግብቶ ዋንጫ አስገኘልን፣ በ2019 ገና በ23 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

2001 ደግሞ አለ። ሆውቶርን 1ኛ ሉክ ሆጅ፣ ሴንት ኪልዳ 2ኛ ሉክ ቦል፣ ዌስት ኮስት 3ኛ ክሪስ ጀድ። ሆጅ አራት ዋንጫ አነሳ። ጀድ ሁለት ብራውንሎ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሜዳሊያ) ወሰደ። ማን ተሳሳተ ልትል ነው? ዛሬም ድረስ ቡና ቤት ውስጥ ያጣላል።

ብቻ ከዚህ ሁሉ የምትረዳው ምርጫ ስትመነዝር የምትገዛው ብዛት እንጂ ዋስትና እንዳልሆነ ነው። አንዱ ሊከሽፍ የሚችለውን ያህል ሁለቱም ሊከሽፉ ይችላሉ። ደግሞም አንተ እየጠቀስክ ያለኸው 1ኛ ላይ የማይጠሩ ልጆችን ነው። እነሱን 1ኛ የማያስጠራቸው ምክንያት አለ እኮ።

ፐርዝ_ሆነን | ኦክቶበር 14, 2023

ጀድን ራስህ አነሳኸው፣ ጥሩ። ጀድ የሜልበርን ልጅ ነው። በ2006 ዋንጫ አነሳልን፣ በ2007 መጨረሻ «ወደ ቤቴ» ብሎ ካርልተን ገባ። እኔ የምፈራውን አንተው አስረዳህልኝ።

ቆጣሪው | ኦክቶበር 14, 2023

ጨርሰው እንጂ! ጀድን ሰጥታችሁ ምን ተቀበላችሁ? 3ኛ ምርጫና ጆሽ ኬኔዲን። ኬኔዲ ከ700 በላይ ጎል አግብቶ የክለባችሁ የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ፣ በ2018ም ዋንጫ አነሳ። ስድስት ዓመት ጀድን ተጫወታችሁበት፣ ካፒቴን አደረጋችሁት፣ ዋንጫ በላችሁ፣ ሲሄድ ደግሞ ኬኔዲን ተቀበላችሁ። እንዲህ ያለ ኪሳራ ለሁላችንም ይድረሰን።

ትልቅ ተጫዋች ቢሄድም ዋጋው ትልቅ ነው። መካከለኛው ሲሄድ ነው ባዶ እጅህን የምትቀረው።

ፐርዝ_ሆነን | ኦክቶበር 14, 2023

ኬኔዲን ስታነሳማ አፌን አዘጋኸኝ 😂 ግን የዛሬው ቡድን የ2007ቱ አይደለም። ጀድ ሲመጣ ቤን ከዝንስ ነበረ፣ ዲን ኮክስ እያደገ ነበረ። ሪድ ሲመጣ ማን አለ? በየሳምንቱ መቶ ነጥብ የሚሸነፍ ቡድን ውስጥ ልጅ አይማርም፣ ይደበደባል።

እናት_ዴር_ፓርክ | ኦክቶበር 15, 2023

ሰላም ለሁላችሁ። ክርክሩን እየተከታተልኩ ነው፣ ግማሹ ባይገባኝም ደስ ይላል። እኔን ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀኛል። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ከኦስኪክ (ከሕፃናቱ ሥልጠና) ጀምሮ ሲጫወት ነው ያደገው። ዘንድሮ የአሠልጣኙ ረዳት «ይሄ ልጅ ይታያል» አለኝ። ማን ነው የሚያየው? ምኑን ነው የሚያዩት? ባለቤቴ ትምህርቱን ይማር ብሎ ጆሮ አልሰጠውም። እኔ ደግሞ ጭንቅላቱን ተመትቶ እንዳይቀርብኝ እፈራለሁ።

ውሃ_አቀባይ | ኦክቶበር 15, 2023

እህቴ፣ ይሄን ለእኔ ተይው። ከምዕራብ ሜልበርን የወጣቶች ቡድኖች በአንዱ በበጎ ፈቃድ ውሃ አቀብላለሁ፣ ፋሻም እጠቀልላለሁ። ስለዚህ መልማዮቹ ከኋላዬ ቆመው ሲያወሩ እሰማለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገርሽ። ከሰፈር ክለብ ጎበዝ የሆኑት ወደ ታለንት ሊግ ቡድኖች ይጠራሉ፤ በእናንተ በኩል ዌስተርን ጄትስ ነው፣ ሪድ ያለበት ቤንዲጎ ፓዮኒርስም የዚያው ሊግ ነው። ከዚያ የተመረጡት ለክፍለ ግዛት ይጫወታሉ፤ ቪክ ሜትሮ፣ ቪክ ካንትሪ፣ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ የተቀሩት ደግሞ አላይስ በሚባል አንድ ቡድን። ዘንድሮ አላይስ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንፏል፣ ራይሊ ሳንደርስ የሚባል ልጅ የውድድሩ ኮከብ ሆኗል፣ ስሙን ያዙልኝ። ለድራፍት የሚደርሰው በዓመቱ ውስጥ 18 የሚሞላው ነው። ስለዚህ ጃንዋሪ የተወለደና ዲሴምበር የተወለደ ልጅ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ፣ በመካከላቸው አንድ ዓመት ሙሉ ሊኖር! ልጅሽ የዓመቱ መጨረሻ ላይ የተወለደ ከሆነ አሁን አጭርና ቀጭን ቢመስል አትደንግጪ። ጥሩ መልማይ መጀመሪያ የሚጠይቀው የልደት ወሩን ነው።

ወደ መጨረሻው ኮምባይን የሚባል ፈተና አለ። 20 ሜትር ያስሮጧቸዋል (ከ2.9 ሰከንድ በታች የሮጠ ፈጣን ይባላል)፣ ቆመውም በሩጫም ያዘልሏቸዋል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያስሮጧቸዋል። ቲቪው የሚያሳየው ይሄንን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከኋላዬ የሚቆሙት ሰዎች ስለ ሰከንድ ሲያወሩ ብዙም አልሰማም። የሚያዩት ሌላ ነው። ዳኛው ኳሷን ሳያነሳ በፊት ልጁ የት ቆሟል? እግሩ ወዴት ዞሯል? በግራ እግሩ መምታት ሲገባው ዞሮ በቀኙ ይመታል ወይ? ተሳስቶ ኳስ ሲቀማ ያባርራል ወይስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል? እዚህ ላይ ዊተን ያነሳው የሪድ ጉድለት እውነት ነው፣ እነሱም ሲያወሩበት ሰምቻለሁ። አንዱ መልማይማ ሙሉ ሩብ ጨዋታ ኳሷን ጨርሶ ሳያይ አንድ ልጅ ብቻ ሲከተል አይቻለሁ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ ከማን ጋር እንደሚያወራ ይጽፍ ነበር።

ከሜዳ ውጭም አለ። ቤት ይመጣሉ። ወላጅን፣ አስተማሪን፣ የሰፈር አሠልጣኝን ያነጋግራሉ። ባለቤትሽ ትምህርቱን ማለቱ ልጁን አይጎዳውም፣ እንዲያውም ይጠቅመዋል።

ፈተናው ብቻውን እንደማይፈርድ ሁለት ስም ልጥራ። ሳም ሚቸል አጭርም ቀርፋፋም ነው ተብሎ በ2001 36ኛ ነው የተጠራው፤ ብራውንሎ ወሰደ፣ ዛሬ የሆውቶርን አሠልጣኝ ነው። ላኪ ኒል 58ኛ ተጠርቶ ሁለት ብራውንሎ አለው፣ ሁለተኛውን ባለፈው ወር ነው አንገቱ ላይ ያጠለቀው።

ጋሽ_ሰንሻይን | ኦክቶበር 15, 2023

ውሃ አቀባይ እግዜር ይስጥህ። እኔ የምጨምረው አካዳሚውን ነው። እህቴ፣ ወላጅ አፍሪካ የተወለደ ከሆነ ልጁ ክለቦች ለስደተኛና ለነባር ሕዝቦች ልጆች ባቋቋሙት ኔክስት ጀነሬሽን አካዳሚ ሊገባ ይችላል። ሥልጠና አለው፣ ትጥቅ አለው። ጠይቂ። ጃማራ ኡግል-ሃገን በቡልዶግስ አካዳሚ አልፎ ነው በ2020 ቁጥር አንድ የተጠራው። በማግስቱ ዓመት ግን ሕጉን አጠበቡት። የደቡብ ሱዳኑ ልጅ ማክ አንድሩ በሜልበርን አካዳሚ አድጎ፣ 5ኛ ላይ ጎልድ ኮስት ሲጠራው ሜልበርን እጁን አጣጥፎ አየ። በ2023 በነበረው ሕግ ደግሞ ከ40ኛው በፊት ከተጠራ ያሳደገው ክለብ ማስቀረት አይችልም ነበር። ለክለቡ መጥፎ ነው፣ ለልጁ ግን ምንም አይደል፤ የሚፈልገው ብቻ ይብዛ።

እናት_ዴር_ፓርክ | ኦክቶበር 15, 2023

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ ውሃ አቀባይም ተባረክ። ልጄ ኖቬምበር ነው የተወለደው። ይሄን ለባለቤቴ አነብለታለሁ። የጭንቅላቱን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ውሃ_አቀባይ | ኦክቶበር 16, 2023

አልሸሸሁም እህቴ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ፍርሃትሽ ልክ ነው። በ2014 1ኛ የተጠራው ፓዲ ማካርቲን በተደጋጋሚ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው ሕይወቱ የተመሰቃቀለው፤ 2ኛ የተጠራው ፔትራካ ከሜልበርን ጋር ዋንጫ አነሳ። ማካርቲንን ማንም መልማይ ሊያውቅበት አይችልም ነበር። አሁን ሕጉ ጠበቅ ብሏል፣ ተመትቶ አንጎሉ የተናወጠ ቢያንስ 12 ቀን ሳይጫወት ይቆያል፤ በሰፈር ክለብ ደግሞ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። አሠልጣኙ «ደህና ነው፣ ይግባ» ካለሽ ልጁን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ይሄን የሚል ክለብ አይጠቅማችሁም።

ዊተን_ኦቫል | ኦክቶበር 18, 2023

የዝውውሩ በር ተዘጋ። ዌስት ኮስት ምርጫውን አልመነዘረም።

ፐርዝ ያልከውን አንድ ነገር እመልስልሃለሁ። «ልጅ አይማርም፣ ይደበደባል» ብለሃል። እዚህ ላይ ሐሳባችን አይለያይም፣ ለዚያ የምሰጠው መድኃኒት ነው የሚለያየው። ሁለት የ18 ዓመት ልጆች ብታመጣ ሁለቱም ይደበደባሉ። ዕድሜያቸው 25 የሆኑ፣ አካላቸው የጠና አማካዮች ናቸው ልጁን የሚከልሉት፣ እነሱን ደግሞ በድራፍት አታገኝም። ከድራፍት የምትፈልገው ሌላ ቦታ የማይገኘውን ነው። ሌላ ቦታ የማይገኘው ደግሞ በእኔ ዓይን መሬት ላይ ያለች ኳስ ሳይቆም የሚያነሳ የ187 ሴንቲ ሜትር አማካይ ነው። ተከላካይ ይገዛል። ከዳር የሚሮጥም ይገዛል። ይሄኛውን የያዘ ክለብ አይሸጥልህም።

ሪድ ቢከሽፍ እንኳ ምርጫው ትክክል ነበር እላለሁ። ውጤቱን አይቶ ውሳኔን መፍረድ ቀላል ነው።

ፐርዝ_ሆነን | ኦክቶበር 18, 2023

እሺ እንግዲህ፣ ክለቤ አንተን ሰምቷል። ከርቲን አደሌድ ወይም ሌላ ቦታ ሲሄድ አልቅሼ እዚሁ እጽፋለሁ።

ቆጣሪው | ኖቬምበር 20, 2023

ውጤቱ ለዘገየባችሁ፦ 1ኛ ሃርሊ ሪድ፣ ዌስት ኮስት። 2ኛ ማከርቸር፣ ኖርዝ። 3ኛ ጄድ ዎልተር፣ ጎልድ ኮስት የራሱን የአካዳሚ ልጅ አስቀረ፤ የኖርዝ «3ኛ» በዚህ ወደ 4ኛ ተንሸራተተና ዱርስማንን ወሰዱ። 5ኛ ኒክ ዋትሰን ሆውቶርን። ቁመቱ 170 ገደማ ነው፣ ጎል ላይ ግን ጉድ ነው፤ ሴንቲ ሜትር የምትቆጥሩ እሱን ተመልከቱ። 6ኛ ውሃ አቀባይ ስሙን ያስያዘን ሳንደርስ፣ ቡልዶግስ። ዊተን እንኳን ደስ አለህ።

ከርቲን 8ኛ፣ አደሌድ።

ዌስት ኮስት 1ኛ የመረጠው በ1992 ድሩ ባንፊልድን ከወሰደ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ፐርዝ_ሆነን | ኖቬምበር 20, 2023

አደሌድ! አላልኩም? 😭

ጋሽ_ሰንሻይን | ኖቬምበር 21, 2023

ሁላችሁም ከላይ ያለውን ታወራላችሁ፣ እኔ ሁለተኛውን ቀን ቁጭ ብዬ የጠበቅኩት ለቲው ጃያዝ ነው። ኮሊንግዉድ ወሰደው። ታላቅ ወንድሙ ቻንግኩዎት ጃያዝ በ2023 የሆውቶርን ተጫዋች ነበር፤ ቤተሰቡ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ ሳለ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ፣ እዚህ ጊፕስላንድ ያደገ ልጅ ነው። ቦሌ፣ እህትህ ሜልበርን ካለች ትልቁ ስታዲየም ኤምሲጂ ወስደሽ አሳዪኝ በላት። ኳሷ ሞላላ ብትሆንም ትለምደዋለህ።

ቦሌ_ሚካኤል | ኖቬምበር 21, 2023

ጋሼ ቪዛውን ይላኩልኝ እንጂ እኔ ዛሬም እነሳለሁ 😄 የሪድን ቪዲዮ አይቻለሁ። ሕጉ አልገባኝም፣ ሰውየውን ሲገፋው ግን ገብቶኛል።

ዊተን_ኦቫል | ጁን 20, 2024

ክሩን ቀስቅሼዋለሁ። ሪድ በሴንት ኪልዳው ዳርሲ ዊልሰን ላይ በሠራው ታክል (ተጋጣሚን ይዞ መጣል) ሁለት ጨዋታ ታገደ። ክለቡ ተከራክሮ አልሆነለትም። ፐርዝ፣ እስካሁን ያየኸውን ንገረን፣ አንተ ስታዲየም ነው የምታየው።

ፐርዝ_ሆነን | ጁን 20, 2024

ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ 9 ቁጥር ለብሶ ተሰልፏል፣ የከዝንስን ቁጥር። ኤፕሪል ላይ ፍሪማንትልን በደርቢው ስናሸንፍ ኦፕተስ ስታዲየም ነበርኩ። ኳስ ወደ እሱ ስትሄድ 50 ምናምን ሺህ ሰው ከወንበሩ ይነሳል፣ ገና ሳይነካት። በዚህ አገር ስኖር እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት ለቀድሞው ተጫዋቻችን ለናይታኑዊ ብቻ ነው።

ግን በጥቅምት የጻፍኩትን አንብቡት። ተጋጣሚ ሁሉ እሱን ነው የሚይዘው። ይገፉታል፣ ማልያውን ይጎትቱታል፣ ከጨዋታ ውጭ ይቆነጥጡታል፣ እሱም የ19 ዓመት ልጅ ነውና ይመልሳል። ያ ታክልም ከዚሁ የመጣ ነው እላለሁ። አንድ ሰው ላይ ሁሉ ነገር ሲጫን እንዲህ ነው። ሁለት ቢሆኑ ጫናው ይካፈል ነበር።

ቆጣሪው | ጁን 20, 2024

ታክሉን ግን በጫና አታሳብ። ሁለቱንም እጅ ይዞ መሬት ላይ ማሳረፍ ዛሬ የተከለከለ ነው፣ እናት_ዴር_ፓርክ የፈራችው እሱን ነው። ጉልበቱ ከዕድሜው ቀድሞ መጥቷል፣ ልኩን መማር አለበት። የተቀረው ላይ እስማማለሁ፤ የሚከልለው ሰው የለውም። ክለቡ በዘንድሮው የዝውውር ጊዜ መግዛት ያለበት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ውሃ_አቀባይ | ጁን 21, 2024

ወደ ኋላ መመለሱን እያያችሁለት ነው? እኔ በቲቪ ስለማይ ካሜራው ኳስ ይከተላል፣ አይታየኝም።

ፐርዝ_ሆነን | ጁን 21, 2024

አንዳንዴ ይመለሳል። በመጀመሪያው ሩብ ይመለሳል፣ በአራተኛው እጁ ወገቡ ላይ ነው። ከቅጣቱ ሲመለስ ከላይኛው ፎቅ ተቀምጬ እሱን ብቻ አይልሃለሁ፣ ያንተ መልማይ እንዳደረገው።

እናት_ዴር_ፓርክ | ጁን 22, 2024

እኛ ደግሞ አካዳሚው ተቀብሎናል። ባለቤቴ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያደርሰው እሱ ራሱ ሆኗል፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደሚያይ ልጄ ነገረኝ። ውሃ አቀባይ፣ ለጭንቅላት መከላከያ የሚደረገውን ቆብ የት ነው የሚሸጡት?

ውሃ_አቀባይ | ጁን 22, 2024

እንኳን ደስ አላችሁ! የስፖርት ዕቃ ሱቅ ሁሉ አለ፣ ልጁን ይዘሽ ሄደሽ አስለኪው፣ ሰፊ አትግዢ። ግን ጭረትና ቁስል ነው የሚከላከለው፣ አንጎል ሲናወጥ አያድንም። ስለዚህ ቆቡን አድርጎም ቢሆን ከተመታ ይውጣ።